ዓይን ይሮጣል፣ ጆሮ ቆሟል፦ ከሞኒተር ወደ ቪአር መነጽር የተደረገው ረጅም ጉዞ

መኪና ውስጥ ሆናችሁ ስልክ ስታነቡ፣ መንገዱም ጠመዝማዛ ሲሆን፣ ሆዳችሁ ተገላብጦ ያውቃል? ብዙዎቻችን ይህን ስሜት እናውቀዋለን። እስቲ አሁን ተቃራኒውን አስቡት። ወንበራችሁ ወለሉ ላይ ተተክሏል፣ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ዓይናችሁ ግን በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እየበረረ ነው።

እኔን ይህ የገጠመኝ ሲም ሬሲንግን በቪአር መነጽር የሞከርኩ ቀን ነው። ሲም ሬሲንግ ማለት የእውነተኛ የውድድር መኪናን ባሕርይ፣ ማለትም ጎማውን፣ ፍሬኑንና ክብደቱን፣ በሒሳብ አስመስሎ በመሪና በፔዳል የሚያስነዳ ጌም ነው። ለወራት በሞኒተር ስነዳበት ወደኖርኩት የውድድር መንገድ መነጽር አድርጌ ገባሁ። የመጀመሪያው ዙር ድንቅ ነበር። በሁለተኛው ላብ አጠመቀኝ። በሦስተኛው መነጽሩን አውልቄ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ታናሽ ወንድሜ ተረከበኝ። መንጃ ፈቃድ የለውም፣ የእውነተኛ መኪና መሪ ጨብጦም አያውቅም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እየሳቀ ነዳ፤ ምንም አልሆነም።

መንዳት የምችለው እኔ ታምሜ፣ የማይችለው እሱ ደህና የሆነው ለምንድን ነው? መልሱን ስፈልግ ታሪኩ ወደ 1929 ወሰደኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አካል ያለ ምስል

ኤድዊን ሊንክ አባቱ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ቢንግሃምተን ከተማ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ የነበራቸው ወጣት ነው። አውሮፕላን ማብረር ለመማር ፈለገ፤ ትምህርቱ ግን ውድ ነበር። ኦርጋን ደግሞ በአየር ግፊት የሚሠራ መሣሪያ ነው። ወናፍ አለው፣ ፓምፕ አለው። ሊንክ ይህንኑ የፋብሪካውን ዕውቀት ወስዶ ትንሽ አውሮፕላን የምትመስል ሣጥን በወናፎች ላይ አስቀመጠ። ተማሪው መሪውን ወደፊት ሲገፋ ሣጥኗ አፍንጫዋን ትደፋለች፤ ወደ ጎን ሲያደርገው ታዘነብላለች። በ1934 የአሜሪካ ጦር ስድስቱን ገዛ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሠለጠኑባት።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሣጥኗ ውስጥ ምንም የውጭ ምስል አልነበረም። ክዳኑ ሲዘጋ ተማሪው የሚያየው ከፊቱ ያሉትን የበረራ መቆጣጠሪያዎች ብቻ ነው፤ ዓላማውም በደመናና በጨለማ መብረርን መማር ነበር። የሊንክ ሲሙሌተር ለአካል እንቅስቃሴ ሰጠ፣ ለዓይን ግን ምንም አላሳየም።

ምስል ያለ አካል

የመኪና ውድድር ጌም የመጣው ከተቃራኒው አቅጣጫ ነው። በ1976 አታሪ ያወጣው ናይት ድራይቨር በጥቁር ስክሪን ላይ ወደ እናንተ የሚሮጡ ነጫጭ ችካሎችን ብቻ ነበር የሚያሳየው። መኪናው ራሱ በኮምፒዩተር የተሳለ እንኳን አልነበረም፤ ስክሪኑ ላይ የተደረገ የፕላስቲክ ሥዕል ነው። በ1982 የናምኮ ፖል ፖዚሽን የጃፓኑን ፉጂ የውድድር መንገድ በቀለም አመጣው። በ1989 ፓፒረስ የተባለው ድርጅት ስለ ኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር የሠራው ጌም የመኪናውን ፊዚክስ በቁም ነገር ማስላት ጀመረ። የዚሁ ድርጅት ግራንድ ፕሪ ሌጀንድስ ደግሞ በ1998 የ1967ቱን ፎርሙላ ዋን መኪናዎች እንደ እውነታው ለመንዳት አስቸጋሪ አድርጎ አቀረባቸው። ከፓፒረስ መሥራቾች አንዱ የሆነው ዴቪድ ኬመር ቆይቶ በ2008 ሥራ የጀመረውን አይሬሲንግን ከመሠረቱት መካከል ነው።

ፊዚክሱ በየጊዜው አደገ፤ መስኮቱ ግን ያው መስኮት ሆኖ ቀረ። እስቲ እናስላው። ባለ 27 ኢንች ሞኒተር ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ70 ሴንቲ ሜትር ርቀት ብትቀመጡ ከዓይናችሁ ፊት የሚሸፍነው 46 ዲግሪ ብቻ ነው። ሁለቱ ዓይኖቻችን ግን አንድ ላይ ወደ 200 ዲግሪ ገደማ ያያሉ። ጌሙ ጎንና ጎኑን ለማሳየት ሲል የ90 ዲግሪ እይታን በዚያች 46 ዲግሪ ውስጥ ካጨቀው፣ ሁሉም ነገር አንሶና ርቆ ይታያል። ኩርባው ገና ሩቅ ነው ስትሉ ደርሳችሁበታል።

መስኮቱ ግን አንድ ትልቅ ውለታ ይውልልናል። በሞኒተሩ ዙሪያ ጠረጴዛው፣ ግድግዳው፣ የሻይ ብርጭቋችሁ ይታያሉ። ሁሉም ቆመዋል። አእምሯችሁ "እኔ ያለሁት ቤት ውስጥ ነው፣ የሚሮጠው ምስሉ ነው" ብሎ ይረጋጋል።

ባለሙያዎቹ ለምን ባሰባቸው?

አካልና ምስል ሲገናኙ ምን ተፈጠረ? በ1957 ሃቭሮንና በትለር የተባሉ ተመራማሪዎች የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሄሊኮፕተር ማሠልጠኛ ሲሙሌተርን ሲመረምሩ፣ በሰፊ ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ ምስል እያዩ የሚለማመዱት ሰዎች እንደሚያቅለሸልሻቸው መዘገቡ። የሚገርመው ታማሚው ማን እንደሆነ ነው። በሄሊኮፕተር ብዙ የበረሩት አሠልጣኞች ከተማሪዎቹ ይበልጥ ባሰባቸው።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ውስጠኛው ጆሮ እንግባ። በእያንዳንዱ ጆሯችን ውስጥ ፈሳሽ የያዙ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ፤ ራሳችን ሲዞር ይነግሩናል። ከእነሱ አጠገብ ደግሞ መፍጠንን፣ መቆምንና ማዘንበልን የሚለኩ አካላት አሉ። እነዚህ የሚለኩት ፍጥነትን ሳይሆን የፍጥነት ለውጥን ነው። በቀጥታ መንገድ በእኩል ፍጥነት ስትበሩ ጆሮ ምንም አይልም፤ ስለዚህ ከዓይን ጋር አይጣላም። ጠቡ የሚነሳው ፍሬን ስትይዙ፣ ስትታጠፉና መኪናው ሲሽከረከር ነው። እኔም ወለል ላይ የተቀመጥኩት ብዙ ኩርባ ያለበት መንገድ ላይ ስለነበርኩ ነው።

ሰፊ ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ እንደሚለው አእምሮ ዓይንንና ጆሮን እርስ በርስ ብቻ አያወዳድርም፤ ከዚህ በፊት ከለመደው ጋርም ያወዳድራል። ብዙ የነዳ ሰው ፍሬን ሲረግጥ ደረቱ ቀበቶው ላይ እንደሚደገፍ አእምሮው አስቀድሞ ያውቃል፣ ይጠብቃልም። ሳይመጣ ሲቀር ይደናገጣል። ያልነዳ ሰው ግን የሚጠብቀው ነገር ገና የለውም። የእኔና የወንድሜ ነገር በራሱ ማስረጃ አይሆንም፣ ሁለት ሰው ሁለት ሰው ነው። ነገር ግን ከ1957ቱ አሠልጣኞች ጋር በአንድ መስመር የሚሄድ ነው።

የሚሊሰከንዶች ትግል

የመነጽሩ ሐሳብ ራሱ አዲስ አይደለም። አይቫን ሰዘርላንድ በ1968 ራስ ላይ የሚደረግ፣ ለሁለቱም ዓይን የተለያየ ምስል የሚያሳይ መሣሪያ ሠርቶ አሳየ። ከጣሪያ የተንጠለጠለ የብረት ክንድ የተመልካቹን ራስ እየተከተለ አቅጣጫውን ይለካል፤ ኮምፒዩተሩም ምስሉን በዚያው ልክ ይቀይራል። የሚታየው በመስመር ብቻ የተሳለ ቅርጽ ቢሆንም ዋናው ነገር ተገኝቷል፦ ራሳችሁን ስታዞሩ ዓለሙ በቦታው ይቆያል።

ይህ ቁም ነገር ሲዘነጋ ምን እንደሚሆን በ1995 ታይቷል። የኒንቴንዶ ቨርቹዋል ቦይ በቀይና በጥቁር ጥልቀት ያለው ምስል ያሳይ ነበር፤ ነገር ግን ጠረጴዛ ላይ ቆሞ በግንባር የሚታይ እንጂ የራስን እንቅስቃሴ የሚከተል አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ወጣ።

ታዲያ ከሰዘርላንድ በኋላ ይህን ያህል ዘመን የፈጀው ምንድን ነው? ጊዜ ነው፤ ራሳችሁ ከዞረበት ቅጽበት አንስቶ አዲሱ ምስል ዓይናችሁ እስኪደርስ የሚያልፈው ጊዜ። ወደ ኩርባው ለማየት ራሳችሁን በሰከንድ 100 ዲግሪ ፍጥነት አዞራችሁ እንበል። መዘግየቱ 100 ሚሊሰከንድ ከሆነ ዓለሙ በ10 ዲግሪ ተሳስቶ ይከተላችኋል፤ መንገዱ የሚንሳፈፍ ይመስላል። መዘግየቱ 20 ሚሊሰከንድ ከሆነ ስህተቱ 2 ዲግሪ ይሆናል። መሐንዲሶች ከ20 በታች ለመውረድ የታገሉት ለዚህ ነው።

መፍትሔውን ያመጣው ሌላ ኢንዱስትሪ ነው፤ የኪሳችን ስልክ። በስማርት ስልኮች ምክንያት ቀጫጭን ስክሪኖችና እንቅስቃሴ የሚለኩ ጥቃቅን ሴንሰሮች ረከሱ። በ2012 ፓልመር ለኪ የጀመረው ኦኩለስ ሪፍት ከሕዝብ 250,000 ዶላር ጠይቆ ከ2.4 ሚሊዮን በላይ ሰበሰበ። በ2016 ለገበያ የቀረበው መነጽር ምስሉን በሰከንድ 90 ጊዜ ያድስ ነበር፤ ይህም ለአንድ ምስል 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ማለት ነው።

ሞኒተር ወይስ መነጽር?

መነጽሩ የሚሰጣችሁን ላስቀምጥ። መኪናው በትክክለኛ መጠኑ ይታያል። አጠገባችሁ የመጣ ተወዳዳሪ ምን ያህል እንደቀረበ ራሳችሁን ዘወር አድርጋችሁ ታያላችሁ። ቁልቁለቱና ዳገቱ ይሰማችኋል፤ ሞኒተር ላይ ሜዳ የመሰለ ቦታ ዳገት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ነገር ግን አትታለሉ፦ ሁለቱ ዓይኖቻችን የሚራራቁት በ6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 100 ሜትር ርቆ ላለ የፍሬን ምልክት የሁለት ዓይን ጥልቀት እምብዛም አይረዳም።

የሚያስከፍላችሁም አለ። የ2016ቱ መነጽር ለእያንዳንዱ ዓይን 1080 ፒክስል ወርድ ነበረው፤ ያ በ90 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲዘረጋ ለአንድ ዲግሪ 12 ፒክስል ይደርሰዋል። 2560 ፒክስል ወርድ ያለው ያ 46 ዲግሪ ሞኒተር ግን 55 ይሰጣል። ሩቅ ያለ ምልክት በሞኒተሩ ጥርት ብሎ ሲነበብ በዚያ መነጽር ይደበዝዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጡት መነጽሮች ብዙ ተሻሽለዋል፤ ሙቀቱ፣ ክብደቱና ኮምፒዩተሩ ላይ የሚጥሉት ጫና ግን አሁንም አለ።

የጆሮውን ጠብ ግን የትኛውም ፒክስል አይፈታውም። መዘግየቱ ዜሮ ቢሆን እንኳ ወንበሩ ቆሟል። ስለዚህ ለመሞከር ካሰባችሁ በዝግተኛ መኪና፣ ኩርባ ባልበዛበት መንገድ፣ ለአምስት ደቂቃ ጀምሩ። ማቅለሽለሽ ሲጀምር "እለምደዋለሁ" ብላችሁ አትታገሉት፤ ወዲያው አውልቁ። ብዙ ሰው የሚለምደው በአንድ ቀን ትግል ሳይሆን በየቀኑ በጥቂቱ ነው። ከዚያ በኋላ እስክትረጋጉ ድረስ እውነተኛ መኪና አትንዱ።

እኔ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጅቶብኝ ዛሬ አንድ ሙሉ ውድድር በመነጽር እጨርሳለሁ። ወንድሜ ደግሞ በዚህ ወር የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ጀምሯል። ጥቂት ወራት በከተማ ውስጥ ከነዳ በኋላ ያንኑ መነጽር አድርጎ እዚያው መንገድ ላይ ሦስት ዙር እንዲነዳ ተስማምተናል። እኔ አጠገቡ ሰዓት ይዤ እቀመጣለሁ።