እናንተ ወጥታችኋል፤ ገጹስ ወጥቷል?

ሰቆጣ ውስጥ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ ኢሜይላችሁን አነበባችሁ እንበል። ስትጨርሱ «ውጣ» የሚለውን ተጫናችሁ፣ ሒሳብ ከፍላችሁ ሄዳችሁ። ቀጥሎ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ወደ ኋላ የምትመልሰውን ቀስት ቢጫናት ምን ያያል? አንዳንዴ የእናንተኑ ደብዳቤ! «ወጥቻለሁ እኮ!» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ገጹ ግን አልወጣም። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ 30 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ እንመለስ።

ድረ ገጾች የሚላላኩበት ኤችቲቲፒ የተባለው ደንብ ከመነሻው ዝንጉ ነው። አንድ ገጽ ከላከላችሁ በኋላ ማን እንደሆናችሁ አያስታውስም። በ1994 እ.ኤ.አ. የኔትስኬፕ ባለሙያ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ለዚህ መላ አመጣ። ሰርቨሩ ለብሮውዘራችሁ «ኩኪ» የምትባል ትንሽ መለያ ይሰጣል፤ ብሮውዘሩም በተመለሰ ቁጥር ያሳያታል። «ውጣ» ስትሉ የሚሰረዘው በዚች መለያ የተከፈተው መግቢያችሁ ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ያኔ ኢንተርኔት የሚመጣው በስልክ መስመር ስለነበር ቀርፋፋ ነው፣ ውድም ነው። ስለዚህ ብሮውዘሮች አንዴ የመጣን ገጽ ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀራሉ። ይህ ማስቀመጫ «ካሽ» ይባላል። ነገሩ ፎቶኮፒ ቤት እንደመሄድ ነው፤ ዋናውን ይዛችሁ ብትወጡም ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ቅጂ ያገኘው ሁሉ ያነበዋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የኢንተርኔት አገልግሎት በተጀመረበት በ1997 እ.ኤ.አ. (በ1989 ዓ.ም.) ኤችቲቲፒ 1.1 ወጣ። በውስጡ ብዙዎች እስከዛሬ የሚያምታቷቸው ሁለት ትእዛዞች አሉ። «ኖ-ካሽ» ስሙ ያሳስታል፤ «አስቀምጥ፣ ግን ደግመህ ከማሳየትህ በፊት ሰርቨሩን ጠይቅ» ማለት ነው። «ኖ-ስቶር» ደግሞ «ጨርሶ አታስቀምጥ» ይላል። ይኸው ሰነድ የኋላ ቀስት ከካሽ የተለየ መሆኑንም ይናገራል፤ ሥራዋ ያኔ ያያችሁትን እንዳለ ማሳየት ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ፋየርፎክስ 1.5 ደግሞ ገጹን በሙሉ ሜሞሪ ላይ እያቆየ ወደ ኋላ መመለስን ቅጽበታዊ አደረገው። ፍጥነቱ ጥሩ ነው፤ የጋራ ኮምፒውተር ላይ ግን ምስጢር ሊያስወጣ ይችላል።

እንግዲህ ኃላፊነቱ የሁለት ወገን ነው። ድረ ገጽ የምትሠሩ ከሆነ፣ የግል መረጃ ያለበት ገጽ ሁሉ ከ«ኖ-ስቶር» ጋር ይላክ። ከዚያ ራሳችሁ ውጡና የኋላ ቀስቷን ተጭናችሁ ፈትኑት። ተጠቃሚ ከሆናችሁ ደግሞ በተዋሳችሁት ስልክም ሆነ በኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር የግል መስኮት ክፈቱ። ስትጨርሱ መጀመሪያ «ውጣ» በሉ፤ ቀጥሎ የግል መስኮቶቹን አንድ ሳታስቀሩ ዝጉ። የመጀመሪያው ሰርቨሩ ዘንድ ያለውን በር ይዘጋል፤ ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ላይ የቀረውን ቅጂ ይጠርጋል። አንዱ ብቻውን አይበቃም።