በድሬዳዋ ነባር ሰፈሮች ለኪራይ የሚሆን ቤት ከመግዛታችን በፊት ማወቅ የሚገባን

ድሬዳዋ የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የደቻቱ ወንዝ ሁለት ቦታ ይከፍላታል፤ በአንድ በኩል ቀጥ ባሉ መንገዶቿ የምትታወቀው ከዚራ፣ በሌላው በኩል የቀፊራ ገበያ ያለባት መጋላ። በእነዚህ ነባር ሰፈሮች ለገበያ፣ ለመስጂድና ለትራንስፖርት ቅርብ የሆነ ቤት ተከራይ አያጣም። ነገር ግን አሮጌ ቤት አሮጌ ጣጣም ይዞ ሊመጣ ይችላል።

የቤቱ ባለቤት ማን ነው?

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አድርጓል። ዛሬ «የቀበሌ ቤት» እና «የኪራይ ቤቶች» የምንላቸው ከዚያ የመጡ ናቸው። የቀበሌ ቤት ነዋሪ ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለም። ስለዚህ «ቁልፍ ልሽጥልህ» የሚል ሰው የሚሸጠው የራሱ ያልሆነውን ነው፤ በሸሪዓም ሰው የማይይዘውን መሸጥ አይፈቀድም። የወቅፍ ቤትም እንዲሁ አይሸጥም።

የውርስ ቤት

በነባር ሰፈር ካርታው እስከ ዛሬ በሟች አባት ወይም አያት ስም ያለ ቤት ያጋጥማል። ወንድሞች «ተስማምተናል» ቢሉም፣ የእህቶችና የሟች ሚስት ድርሻ በሱረቱ ኒሳእ የተወሰነ ሐቅ ነው። ውጭ አገር ያለች እህት ሳትፈርም የተገዛ ቤት ለፍርድ ቤት ክርክር፣ ከዚያም በላይ ለአኺራ ተጠያቂነት ይዳርጋል። የወራሽነት ማስረጃውን ይጠይቁ፤ ሁሉም ወራሾች ራሳቸው ወይም በሕጋዊ ውክልና ይፈርሙ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነም የትዳር ጓደኛ ስምምነት ያስፈልጋል።

ውልና ሊዝ

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት መረጋገጥ አለበት። ከዚያ በፊት ቤቱ በዕዳ ወይም በእግድ አለመያዙን ከከተማው መሬት ቢሮ ያጣሩ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ገዢው ቦታውን በሊዝ ስሪት እንደሚይዝ ደንግጓል። ስለዚህ የሊዝ ክፍያውን ሳይጠይቁ ዋጋ አይቁረጡ።

ቤቱንና ቦታውን ማየት

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ወንዙ ዳር ያለ ቤት ርካሽ የሚሆንበት ምክንያት አለው፤ ውሃው የት ድረስ እንደደረሰ ጎረቤት ይጠይቁ። የድሬዳዋ ውሃ ካልሲየም የበዛበት በመሆኑ አሮጌ ቧንቧ ይደፈናል። ጣሪያውን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን፣ ሽንት ቤቱንና የውሃ ማጠራቀሚያውን ይፈትሹ። በድሬ ሙቀት ከፍ ያለ ጣሪያና በረንዳ ያለው ቤት ተከራይ ይወደዋል።

ሒሳቡ

ለምሳሌ 3 ሚሊዮን ብር የተገዛ ቤት በወር 15,000 ብር ቢከራይ በዓመት 180,000 ብር ያስገባል። ለጥገና፣ ለግብርና ባዶ ለሚቆይበት ጊዜ 60,000 ቢቀነስ 120,000 ይቀራል፤ ይህ ከዋጋው 4 በመቶ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ደግሞ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ በተቆጣጣሪው አካል በሚወሰነው መጠን ብቻ እንዲሆን አድርጓል። ስለዚህ «ነገ ኪራይ እጨምራለሁ» ብለው አይግዙ። ተከራይ ያለበት ቤት ከሆነም ያለውን ውል አስቀድመው ያንብቡ።

ገንዘቡና ዘካው

በወለድ ብድር ቤት መግዛት ሐራም ነው። እንደ ዘምዘምና ሒጅራ ያሉ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት ይሰጣሉ። በሙራባሓ ባንኩ ንብረቱን መጀመሪያ ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አሳውቆ ይሸጥልዎታል፤ ይህ ቅደም ተከተል መጠበቁን ያረጋግጡ።

በዓለም አቀፉ የፊቅህ ምክር ቤት የ1985 እ.ኤ.አ. ውሳኔ መሠረት ለኪራይ በተያዘ ቤት ዋጋ ላይ ዘካ የለም፤ ከኪራዩ የተጠራቀመው ግን ኒሳብ ሞልቶ ዓመት ሲዞረው 2.5 በመቶ ይወጣለታል። ቤቱ የተገዛው አትርፎ ለመሸጥ ከሆነ ዘካው በገበያ ዋጋው ላይ ነው። ለራስዎ ጉዳይ የሚያምኑትን ዓሊምና የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

ወሏሁ አዕለም።