ኮሪያ የዘመቱት አናጢ

ታሪክ ሲባል የአዛዦችን ስም መሸምደድ ለምዶብናል። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ፑሳን ደረሰ፤ ከተከታዮቹ ጋር ከ120 በላይ ሰው ሞተበት፣ ምርኮኛ ግን አልሰጠም። ይሄን እናውቃለን። የተመለሱትስ?

እኛ የምናስታውሳቸው ጋሼ የሰፈራችን አናጢ ነበሩ። ከመጋዝና ከመላጊያ ሌላ ሀብት የላቸውም፤ በዚያችው ልጆቻቸውን አሳድገው አስተማሩ። ስለ ውጊያው ስንጠይቃቸው፣ «ጥይቱስ ይሁን፣ ብርዱ ነው እንጂ!» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ጊዜ፣ ሜዳሊያ ማንጠልጠል ቀርቶ ማሳየትም አስፈራ። እሳቸውም ራሳቸው በሠሩት ሣጥን ውስጥ፣ ከልጆቹ አሮጌ ደብተር ሥር ደበቁት። ባለቤታቸው ብቻ ያውቁ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ ሣጥኑ ሲከፈት፣ ጥብጣቡን ብል በልቶታል።