በባሕር ዳር ከተማ የሚኖሩ የዱር እንስሳት

ባሕር ዳር ከጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አፍ ላይ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ ከሰው ጋር የተጎራበቱ ብዙ የዱር እንስሳት አሏት። ብዙዎቹን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሰዓታቸውንና ምልክታቸውን ማወቅ ይበቃል።

ስመ ጥሩው ጉማሬ ነው። በአባይ መውጫና በቤዛዊት ኮረብታ ግርጌ በሚያልፈው ወንዝ ይገኛል። ቀኑን ውኃ ውስጥ ስለሚያሳልፍ ጆሮው፣ ዓይኑና አፍንጫው ብቻ ብቅ ይላሉ፤ ጠልቆ የሚቆየው በአብዛኛው ከአምስት ደቂቃ ስለማይበልጥ የታገሠ ተመልካች ያየዋል። ሲመሽ ወደ የብስ ወጥቶ እስከ 40 ኪሎ ግራም ሣር ይግጣል። ጠዋት የሚገኘው ምልክቱ ባለ አራት ጣት ዱካ፣ የተደላደለ የእግር መንገድና ወንዱ በጅራቱ ቁጥቋጦ ላይ የበተነው ፋንድያ ነው። ማሳ ስለሚገባ ከገበሬ ጋር ይጋጫል፤ በእሱና በውኃው መካከል የገባ ሰውም ለአደጋ ይጋለጣል። የደንገል ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት የወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ቀድሞ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ።

ዓሣ አስጋሪዎች ዓሣ በሚያጸዱበት ዳርቻ ነጭ ፔሊካኖችና አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ ተረፈ ዓሣ ይጠብቃሉ። አባ ኮዳ መላጣ ራሱንና አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ከረጢቱን ይዞ መልከ መልካም አይባልም፤ ጥንብና ተረፈ ሥጋ በማንሣት ግን ባለውለታ ነው። ፊታቸው ጥቁር፣ ግንባራቸው ላይ ነጭ መስመር ያላቸው ጦጣዎች በሐይቁ ዳር ዛፎች ይኖራሉ፤ ሰው ሲመግባቸው ድፍረታቸው ይጨምራል።

ጅብ ከመታየቱ ይልቅ ድምፁ ይሰማል። አጥንት ስለሚበላ ኩሱ ሲደርቅ ነጭ ነው። በትግራይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ በሁዳዴ ጾም ሥጋ ቤቶች ሲዘጉና ተረፈ ሥጋ ሲጠፋ ጅቦች ፊታቸውን ወደ አህያ እንደሚያዞሩ አሳይቷል። የአውሬው ዓመት በሰው የጾም ቀን መቁጠሪያ መመራቱ ከሰው አጠገብ የሚኖር እንስሳ ኑሮውን ከሰው ልማድ ጋር እንደሚያስማማ ጥሩ ማስረጃ ነው።

በበጋ ወራት ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ የሚመጡ፣ ክሬን የሚባሉ ግራጫ፣ ባለ ረጅም እግር ወፎች በጣና ዙሪያ ይቆያሉ። ቀን በፎገራ ሜዳ ማሳዎች እህል ይለቅማሉ፤ ማታ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ።

የጣና ሐይቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል። ለወፎች መፈልፈያ፣ ለጉማሬ መሸሸጊያ የሆነው ደንገል ግን በእርሻና በግንባታ ምክንያት ከዳርቻው እየተመናመነ ነው።