ኬላ፣ ተራ፣ ደላላ

ሥራዬ ለጭነት መኪና ሶፍትዌር መጻፍ ነው። በአጭሩ፣ እህል ያለበትን ቦታ፣ ባዶ መኪና ያለበትን ቦታና ዋጋውን አንድ ሠንጠረዥ ላይ ማገናኘት። በየስብሰባው ይህ ነገር "አዲስ" ተብሎ ይቀርባል፤ ቀጥላ የምትመጣው ዓረፍተ ነገርም ትታወቃለች፦ "ደላላውን እናስወጣለን።" እኔ ያደግሁት ቢቸና ነው፤ አጎቴ የጤፍ ነጋዴ ነው። ለዚህ ይሆናል ይህቺን ዓረፍተ ነገር ስሰማ ወደ ኋላ ሄጄ ማየት የሚያምረኝ። መሀል ያለውን ሰው ማስወጣት እኮ ኮምፒውተር ሳይመጣም ተሞክሯል።

እስቲ ከሩቁ እንጀምር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሳይደበቅ ይነገርና ባሪያም ጭምር፣ ወደ ጎጃሙ የባሶ ገበያ ይወጣ ነበር። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው ይመጣል። አሞሌ ገንዘብም ሸቀጥም ነው፤ ከአፋር የጨው ሜዳ በራቀ ቁጥር ይወደዳል። የሲራራ ነጋዴ ብቻውን አይጓዝም፤ ቅፍለት ጠብቆ፣ ክረምት አባይን ሳይሞላው ይሻገራል። የቅፍለቱ አለቃ ነጋድራስ ይባላል። መቼ እንደሚነሳ የሚወስነው፣ በየኬላው ስለ ቀረጥ የሚከራከረው፣ ከሽፍታ የሚያስጠብቀው እሱ ነው። ዛሬ እኛ በአራት ሶፍትዌር የምንከፋፍለውን ሥራ አንድ ሰውዬ በቅሎ ላይ ሆኖ ይሠራው ነበር።

በኋላ ማዕረጉ ዞረ። በምኒልክ ዘመን ነጋድራስ ማለት የመንግሥት ቀረጥ ሰብሳቢና የገበያ ሹም ሆነ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን የምናውቃቸው በዚሁ የጉምሩክ ሹመት ስም ነው። ቃሉ ከነጋዴው ወገን ተነሥቶ ከኬላው ወገን ተቀመጠ ማለት ነው።

የመንገዱን ነገር ካነሳን ሞጣን ማለፍ አይቻልም። ከሞጣ ወደ ቤጌምድር የሚያሻግረው የአባይ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በፋሲለደስ ዘመን የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሀሉ ፈረሰ፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ፣ ወንዶች በሁለቱም ወገን ቆመው ሰዉንም ዕቃውንም በገመድ እየሳቡ ያሻግሩ ነበር። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የዚህን ፎቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አይቶ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ድልድዩ ተጠገነ። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ደግሞ ከፍ ብሎ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። እኔ ግን ሁሌ የማስበው ስለ ገመዱ ነው። እዚያ ጠርዝ ላይ የቆመ ተሻጋሪ ስለ ገመዱ ጥንካሬ ከመጠየቁ በፊት ወዲያ ማዶ ገመዱን ማን እንደያዘ ይጠይቃል።

ደርግ መሀል ያለውን ሰው የማስወጣቱን ነገር ከማንም በላይ በቁም ነገር ይዞት ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ ገበሬው በገበሬ ማኅበሩ በኩል ኮታ ተጣለበት፤ ዋጋው ከላይ ተቆረጠ። ትርፍ አምራች በነበረው ጎጃም የግል እህል ንግድ ከሞላ ጎደል ተዘጋ። ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ እህል ኬላ ላይ ይያዛል። የጭነት መኪናውም በቀጣና ተደራጅቶ፣ በተራ፣ በመንግሥት ታሪፍ ይጫናል። እንደ ፕሮግራመር ካያችሁት ቆንጆ ነው፦ አምራቹ፣ መጠኑ፣ መኪናውና ዋጋው አንድ ማዕከል ላይ ተሰብስቧል። ችግሩ ምን ነበር? ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክብ ነበር። መዝገቡ ላይ ግን "ተሟልቷል" ነው የሚለው። ኮታውም ኬላውም የተነሣው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ነው። ደላላው ወዲያው ብቅ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ጥናት መጥቀስ ግድ ነው። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ሥራ የእህል ደላላን እንደ ሌባ ሳይሆን እንደ ተቋም ነው ያዩት። ነገሩ እንዲህ ነው። ጤፍ ደረጃ የለውም፤ ማኛውን ከሰርገኛው የሚለየው ዓይንና እጅ ነው። የቢቸና ነጋዴ ደግሞ ከእያንዳንዱ መኪና ጋር ደጀንን አልፎ፣ የአባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ አዲስ አበባ ድረስ አይሄድም። ጭነቱን እህል በረንዳ ላለ ደላላ ይልካል። ደላላው ያያል፣ ገዢ ያገኛል፣ ኮሚሽኑን በኩንታል ቆጥሮ ይወስዳል።

እኚሁ ሴት ናቸው በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ሥራ ያስጀመሩት። መጋዘን፣ ደረጃ፣ የመጋዘን ደረሰኝ፣ በየከተማው የዋጋ ሰሌዳ፤ 929 ለደወለ ስልኩ ዋጋ ይነግረው ነበር። ሐሳቡ ዛሬም ያስቀናኛል። የተጀመረው በበቆሎ ነበር፤ ያቆመው ግን ቡናና ሰሊጥ ነው። በእኔ ግምት ምክንያቱ ወደ ውጭ የሚወጣ ምርት በጠባብ በር ስለሚያልፍ ነው። ጤፍ በሺህ በር ነው የሚገባው። እንደኔ የቢቸና ጤፍ ዛሬም የደላላ ነው።

አጎቴን "ጋሼ፣ ዋጋውን ስልክህ ላይ ባመጣልህ ደላላው ምን ያደርግልሃል?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ዋጋማ ማንም ይነግረኛል፣ ልጄ" አለኝ። "ብሬን ይዞ የማይጠፋውን ንገረኝ።"

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ክልሉ ውስጥ ግጭቱ ሲባባስ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ቆየ። የእኛ ሠንጠረዥ ለጎጃም መስመር ባዶ ሆነ። ድምፅ በሚሠራበት ሰዓት ግን ደላሎቹ ይደዋወሉ ነበር፦ የትኛው መንገድ ክፍት ነው፣ የትኛው ሾፌር ይወርዳል፣ ማን ብር ልኳል።

አሁን በምሠራው ሥርዓት ውስጥ ደላላ ራሱን ችሎ ተመዝጋቢ ነው። ኮሚሽኑ በኩንታል ይቆጠራል፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ ጭነቱን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ያስመዘግባል። ሾፌሩን፣ ታርጋውን፣ ኩንታሉን ያለ ችግር ይሰጡናል። "የደንበኛ ስም" የሚለው ሳጥን ጋ ሲደርሱ ነው የሚቆሙት። የደርግን ኬላ ያዩ አንድ አዛውንት ደላላ "ሌላውን ሁሉ ጻፍ፣ ደንበኞቼን ተዋቸው" ብለውኛል። ሳጥኑን ግዴታ አድርገው የሚሉኝ አለቆች አሉ። እስካሁን አላደረግሁትም።