ዜና ውድቀቱ ለዳሽን ቢራ ዘጎንደር

በ2008 ዓመተ ምሕረት፥ በዘመነ ዮሐንስ፥ የጎንደሩ ዳሽን ቢራ እግር ኳስ ክለብ ከኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ወረደ። አብሮት የወረደው ሀዲያ ሆሳዕና ነው። በዚያ ዓመት በሊጉ 14 ክለቦች ነበሩ፤ እያንዳንዱም 26 ጊዜ ተጫወተ። ዋንጫውን ቅዱስ ጊዮርጊስ አነሳ፤ በሠንጠረዡ ግርጌ የቀሩት ሁለቱ ወደ ከፍተኛ ሊግ ተሰናበቱ።

ክለቡ ስሙን የወሰደው ከባለቤቱ ከቢራ ፋብሪካው ነው፤ ፋብሪካውም በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጎንደር ሲቆም ስሙን ከሰሜን ተራሮች ራስ፥ ከ4,500 ሜትር በላይ ከሚረዝመው ራስ ዳሸን ወሰደ። ፋሲል ከነማ ያን ጊዜ በታችኛው ሊግ ይንከላወስ ስለነበር፥ የሰሜኑ አገር ሰው ትልልቆቹን የአዲስ አበባ ክለቦች በአጼ ፋሲለደስ ስታዲየም የሚያያቸው ዳሽን ሲያስተናግዳቸው ነበር። ከዛሪማ ቆላ ተነስቶ ጨዋታ ሊያይ የሚመጣ ሰው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ፥ ደባርቅንና ዳባትን አልፎ ነው ጎንደር የሚገባው። ይህን ያህል መንገድ ተጉዞ ሽንፈት አይቶ መመለስ ቀላል አይደለም።

የሚያስገርመው፥ ክለቡ በወረደበት ሰሞን ፋብሪካው እየሰፋ ነበር፤ በደብረ ብርሃን ሁለተኛ ማምረቻ አስመርቋል። ስለዚህ የባለቤቱ ማደግና የቡድኑ ማሸነፍ አንድ መንገድ እንዳልሄዱ ግልጽ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ክለቦች ከመሥሪያ ቤትና ከፋብሪካ ተወልደዋል፤ መብራት ኃይል፥ ንግድ ባንክ፥ መድን፥ ሙገር ሲሚንቶ፥ ሐረር ቢራ ከነዚሁ ናቸው። እንዲህ ያለው ክለብ ደመወዙ በወቅቱ ይከፈላል፥ ልምምዱም አይስተጓጎልም፤ ነገር ግን ዕድሜው በሥራ አመራር ቦርድ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሐረር ቢራ በ2006፥ ሙገር በ2007 ወርደው ነበር፤ ዳሽን ተከተላቸው። በተከታታይ ሦስት ዓመት ሦስት የፋብሪካ ቡድኖች መውደቃቸው እንዲሁ የኳስ ዕጣ ነው ብሎ ማለፍ ያስቸግራል።

ዳሽን በወረደበት ዓመት ግን ጎንደር ባዶ እጇን አልቀረችም። በ1960 ዓመተ ምሕረት የተመሠረተው ፋሲል ከነማ፥ ደጋፊዎቹ አጼዎቹ የሚሉት፥ ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪምየር ሊግ አደገ። ወልድያ፥ ጅማ አባ ቡናና አዲስ አበባ ከተማም አብረውት አደጉ፤ የሊጉም ክለቦች ቁጥር በ2009 ወደ 16 ከፍ አለ። አንዱ ሲወርድ ሌላው በመውጣቱ የፋሲለደስ ስታዲየም ያለ ፕሪምየር ሊግ ጨዋታ አልከረመም።

የ2008 ክረምት ግን ስለ ኳስ የሚወራበት ክረምት አልሆነም፤ በሐምሌ ወር ጎንደር በተቃውሞ ተናወጠች፥ ሐምሌ 24 ቀን ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ወጣባት። የዳሽን መውረድም በዚህ መካከል ብዙ ሳይለቀስለት ተረሳ።

ከዚያ ወዲህ የጎንደር ኳስ ታሪክ የፋሲል ነው። በ2011፥ በዘመነ ሉቃስ፥ የሊጉን ዋንጫ መቐለ 70 እንደርታ ለጥቂት ቀደመው፤ በምትኩ የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሳ። በ2013፥ በዘመነ ማቴዎስ፥ በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ዓመት ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፥ በጅማ፥ በባሕር ዳር፥ በድሬዳዋና በሐዋሳ ብቻ ስለተካሄዱ፥ ጎንደር የራሷን ሻምፒዮን በሜዳዋ ሳታይ ዋንጫውን ተቀበለች። ዳሽን ቢራ ከ2008 በኋላ በፕሪምየር ሊጉ አልታየም።