ድርቅ የማይበግረው፣ ጉልበት የሚሰብረው ጓያ

እ.ኤ.አ. በ1942 መገባደጃ፣ ዛሬ በዩክሬን ግዛት ውስጥ ባለችው ቫፕኒያርካ፣ ሮማኒያውያን በሚያስተዳድሩት የእስረኞች ካምፕ የታጎሩ አይሁዳውያን ቀለባቸው የከብት መኖ የነበረ ጥራጥሬ ነበር። ሳምንታት ሲያልፉ የብዙዎቹ እግር ይዝል፣ ይንቀጠቀጥ፣ ይገተር ጀመር። ከእስረኞቹ አንዱ የነበሩት ሐኪም ዶክተር አርተር ኬስለር መንስኤው ያው ቀለብ መሆኑን ደረሱበት። ከጦርነቱ በኋላ ወደ እስራኤል ሄደው፣ በዚያ ካምፕ እግራቸው የተጎዳ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትለዋል።

ያ ጥራጥሬ እኛ ጓያ የምንለው ነው።

ጓያ በደንቢያ፣ በፎገራ፣ በወሎና በሸዋ መረሬ መሬት ላይ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይዘራል። ብዙ እርሻ አይጠይቅም። አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ በቅሎ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ወይም ሐምራዊ አበባውን አውጥቶ ያፈራል። ውሃ የተኛበትን ማሳም ድርቁንም ይችላል። ሌላው ሰብል ሲከዳ ጓያ አይከዳም፤ ሽሮውም ይጥማል።

ጉዳቱም የሚመጣው በዚሁ ጥንካሬው በኩል ነው። በፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል፣ የነርቭ ሕዋሳትን ከመጠን በላይ እየቀሰቀሰ የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለ። ድርቅ ሲበረታ የዚህ መርዝ መጠን በፍሬው ውስጥ ይጨምራል፤ ያው ድርቅ ደግሞ ሌላውን እህል ከጎተራ ያጠፋል። ከሌላ እህል ጋር አልፎ አልፎ የሚበላው ሰው አይጎዳም። ለሁለትና ለሦስት ወራት ዋና ምግቡ ያደረገው ሰው ግን እግሩ ሊገተር ይችላል። አእምሮው ሳይነካ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ምርኩዝ ይይዛል፤ የባሰበትም መሬት ለመሬት ይድሃል። ፈውስ የለውም።

ይህን ታሪክ ብዙ አገር ያውቀዋል። በጀርመን የቩርተምበርግ መስፍን በ1671 በጓያ ዱቄት ዳቦ እንዳይጋገር በአዋጅ ከለከሉ። በ1811 እና በ1812 ማድሪድ ስትራብ ሰዓሊው ፍራንሲስኮ ጎያ ድሆች የጓያ ገንፎ ሲታደሉ የሚያሳይ ሥዕል ቀረጹ። በ1830ዎቹ መባቻ በማዕከላዊ ሕንድ ስንዴው ሲጠፋ ጓያ የበሉ ወጣቶች እግራቸው መሽመድመዱን እንግሊዛዊው ሹም ዊልያም ስሊማን ጽፈዋል። ሕንድ በ1961 ሽያጩን ብታግድም ገበሬው መዝራቱን አልተወም። የተራበ ሰው በአዋጅ አይጠግብም።

በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ደንቢያ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ደላንታ ዳውንት በዚህ ሕመም ተመትተዋል። በደላንታ ዳውንት የተጎዱት ወደ 2,000 ይጠጋሉ። ከሴቶች ይልቅ ወጣት ወንዶች ይበዛሉ።

በየመንደሩ ሕመሙን ያመጣው የጓያው እንፋሎት ነው ወይም ገለባው ላይ መተኛት ነው የሚል እምነት አለ። እናት ከድስቱ እንፋሎት ፊቷን ታዞራለች፤ ልጇ ግን ንፍሮውን ይበላል። መርዙ ያለው ምግቡ ውስጥ ነው። በደላንታ ዳውንት ወረርሽኝ ላይ የተደረገው ጥናት እሸቱ፣ ቆሎውና ንፍሮው ይበልጥ እንደሚጎዱ፣ ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ ሲቦካ ግን አደጋው እንደሚቀንስ አሳይቷል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም ከመርዙ ከፊሉን ያስወግዳል።

ይህን እያንዳንዱ ቤት ሊያውቀው ይገባል። ነገር ግን ቤት ውስጥ ከጓያ ሌላ ምንም ከሌለ፣ የሚቀላቀል እህል ከየት ይመጣል? የቫፕኒያርካ እስረኞች ምርጫ አልነበራቸውም፤ በድርቅ የተያዘ ገበሬም የለውም። ጓያ ብቻ በቀረበት ቀዬ በጊዜው የሚደርስ አንድ ኩንታል ስንዴ፣ የአንድ ወጣት እግር ነው።